የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ለመኪና ነዳጅነት፤ የመንግሥት ዕቅድ የሚጸናውና የሚፈርሰው በምን ምክንያት ነው?

አንድ መንግሥት የሀገሩን መኪናዎች ነዳጅ ለመለወጥ በሚነሣበት ጊዜ ስለ ሞተሩ ብዙ ይነገራል፤ ሞተሩን ስለሚያስለውጠው ሰው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝን በቤንዚንና በናፍጣ ቦታ ለመተካት በኒው ዚላንድ፣ በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂና በፓኪስታን የተደረገውን ሥራ በመመርመር፣ እንዲህ ያለው ዕቅድ የሚሳካውና የሚከሽፈው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለማስረዳት የታሰበ ነው። የጽሑፉም ዋና አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጋዙ ለሞተር የሚስማማ ነዳጅ ለመሆኑ ክርክር የለም። ነገር ግን ባለመኪናው ገንዘቡን አውጥቶ የጋዝ ሲሊንደር በሚያስገጥምበት ጊዜ የሚገዛው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ቃል ጭምር ነው። ቃሉ የጸና እንደ ሆነ ዕቅዱ ይጸናል፤ ቃሉ የታጠፈ እንደ ሆነ ግን ዕዳው በባለመኪናው ጫንቃ ላይ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. ስለ ነዳጁ ጠባይ

የተፈጥሮ ጋዝ ከምድር ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ሜቴን የሚባለው ጋዝ ነው። በየቤቱ በሲሊንደር እየተሸጠ ለማብሰያ ከሚያገለግለው ጋዝ ጋር መምታታት የለበትም፤ ያኛው በጥቂት ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነውና። ሜቴን ግን በተራ ሙቀት የቱንም ያህል ቢጫኑት ፈሳሽ አይሆንም። ስለዚህ በመኪና ላይ ለመጫን ሁለት መንገድ ብቻ አለ። አንደኛው ከዜሮ በታች እስከ 162 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዞ ማፍሰስ ነው፤ ሁለተኛውም በኮምፕረሰር እየገፉ፣ በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት 200 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ግፊት፣ ወፍራም ሲሊንደር ውስጥ ማመቅ ነው። የታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

የዚህ ነዳጅ ጥቅም ግልጽ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ማንኛውም ሞተር ሲሊንደር፣ የግፊት መቀነሻና የጋዝ ማደባለቂያ ቢገጠምለት በጋዝ ሊሠራ ይችላል፤ የቤንዚኑንም ታንክ ሳያስወጣ እንዳስፈላጊነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊቀይር ይችላል። አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ቤንዚን የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። በሚቃጠልበት ጊዜ ከናፍጣ የሚወጣውን ጥቁር ጭስ አያወጣም። ከአየር የቀለለ በመሆኑም ቢያፈተልክ እንደ ቤንዚን መሬት ላይ ተኝቶ እሳት አይጠብቅም፤ ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል።

ጉድለቱም እንደዚሁ ግልጽ ነው። በ200 እጥፍ ግፊት ቢታመቅ እንኳ አንድ ሊትር ጋዝ የሚይዘው ኀይል አንድ ሊትር ናፍጣ ከሚይዘው ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከባድ ነው፣ የዕቃ መጫኛውን ቦታ ይሻማል፣ ባለመኪናውም ቶሎ ቶሎ ወደ ማደያ እንዲመለስ ያስገድደዋል። ሲሊንደሩ በየጊዜው ካልተመረመረ አደጋ ያስከትላል። ከዚህም በላይ ሜቴን ሳይቃጠል አየር ውስጥ ያመለጠ እንደ ሆነ፣ በመቶ ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ የምድርን ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ጋዙ ለአየር ጠባይ የሚሰጠው ጥቅም ከጉድጓዱ እስከ ሞተሩ ድረስ ባለው መንገድ ምን ያህል እንደሚባክን እየታየ የሚመዘን ነው።

፪. መንግሥት ለምን ይገባበታል?

አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነዳጁ ርካሽና መልካም ከሆነ ነጋዴው ራሱ ለምን አያመጣውም? ባለመኪናውስ ለምን በራሱ ፈቃድ አይገዛውም? መልሱ ይህ ነው። በዚህ ንግድ ሦስት ወገኖች አሉ፤ እነርሱም ጋዙን የሚያቀርበው፣ ማደያውን የሚያቆመውና መኪናውን የሚያስለውጠው ናቸው። ባለመኪናው ማደያ በሌለበት ከተማ ሲሊንደር አያስገጥምም። ባለማደያውም ገዢ መኪና በሌለበት ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ኮምፕረሰር አይተክልም። ጋዝ አቅራቢው ደግሞ ማደያ ወደሌለበት ሰፈር ቧንቧ አይዘረጋም። ሦስቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዘመን ያልፋል። ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም እንደሚባለው፣ ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የሁለቱ መኖር ዋጋ የለውም።

እንግዲህ መንግሥት የሚገባው ሦስቱን ጉልቻዎች በአንድ ጊዜ ለማስቀመጥ ነው። በእጁ ያሉትም መሣሪያዎች የታወቁ ናቸው። የጋዙን ዋጋ በቀረጥ ቅነሳ ከቤንዚን በታች ያደርጋል፤ ለመለወጫው ድጎማ ወይም ብድር ይሰጣል፤ ለማደያ የሚሆን መሬትና ገንዘብ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም ማግባባት ያልበቃ እንደ ሆነ በሕግ ያስገድዳል። ከዚህ ቀጥለን የምንመለከታቸው ሦስት ሀገሮች እነዚህን መሣሪያዎች በልዩ ልዩ መንገድ ተጠቅመውባቸዋል።

፫. ኒው ዚላንድ፤ በማባበል የተሠራና በመተው የፈረሰ

ኒው ዚላንድ ለመኪናዎቿ የሚያስፈልጋትን ነዳጅ በብዛት ከውጭ የምታስገባ ሀገር ነበረች። በ1969 ከሰሜኑ ደሴት በስተ ምዕራብ፣ በታራናኪ የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ ማዊ የሚባል ታላቅ የጋዝ ክምችት ተገኘ፤ ጋዙም በ1979 መውጣት ጀመረ። በዚያው ዓመት የኢራን አብዮት ባስከተለው ሁከት የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ እጅግ ናረ። ችግሩ ምን ያህል እንደ ነበረ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ መጥቀስ ይበቃል። ከጁላይ 1979 እስከ ሜይ 1980 ድረስ እያንዳንዱ ባለመኪና ከሳምንቱ አንድ ቀን መርጦ መኪናውን እንዳያንቀሳቅስ በሕግ ታዝዞ ነበር፤ የመረጠውም ቀን በመስታወቱ ላይ በሚለጠፍ ምልክት ይታወቅ ነበር።

በጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ማልዱን የሚመራው መንግሥት ከመሬቱ ሥር ያለውን ጋዝ በመኪና ላይ ለማዋል የወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። ለሚለወጡ መኪናዎች ድጎማ፣ ለማደያዎች እርዳታ፣ በኋላም ለባለመኪናዎች የተመቻቸ ብድር ተሰጠ፤ የጋዙም ዋጋ ከቤንዚኑ በእጅጉ ያነሰ እንዲሆን ተደረገ። ማንም አልተገደደም። ሆኖም ሕዝቡ ሒሳቡን አስቦ በብዛት ተከተለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 110,000 የሚጠጉ መኪናዎች በጋዝ ይሠሩ ነበር፤ ይህም ከሀገሪቱ መኪናዎች ከመቶ አሥር እጅ ያህል መሆኑ ነው። የጋዝ ቧንቧው ያለው በሰሜኑ ደሴት ብቻ ስለ ነበረ ይህ ሁሉ የሆነው በአንዱ ደሴት ላይ መሆኑን ስናስብ ቁጥሩ ይበልጥ ያስደንቃል።

በጁላይ 1984 በተደረገው ምርጫ መንግሥቱ ተለወጠ። በዴቪድ ላንጌ የሚመራው አዲሱ መንግሥት የሀገሪቱን ገንዘብ ከልክ ባለፈ ድጎማ ተጨንቆ ስላገኘው፣ በየመስኩ ድጎማ መሰረዝን መመሪያው አደረገ። ለጋዝ የሚሰጠው የተመቻቸ ብድርና እርዳታም በ1985 ቀረ። ቀጥሎም በ1986 የዓለም የነዳጅ ዋጋ በድንገት ስለ ወደቀ፣ በቤንዚንና በጋዝ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ። አዲስ መኪና የሚያስለውጥ ሰው ጠፋ። ገዢ ያነሰበት ባለማደያ ኮምፕረሰሩ ሲያረጅበት በአዲስ መተካቱን ተወ። ማደያ የራቀው ባለመኪናም ሲሊንደሩን አውልቆ ጣለ። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ የጋዝ መኪና በኒው ዚላንድ ጎዳና ላይ ብርቅ ሆነ።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጋዙ አላለቀም ነበር፤ ሞተሩም አልተበላሸም ነበር። የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። አዲሱ መንግሥት ድጎማውን ለማንሣት በቂ ምክንያት ነበረው ማለት ይቻላል፤ ድጎማ ለዘለዓለም ሊከፈል አይችልምና። ስሕተቱ ድጎማው መቅረቱ ሳይሆን፣ በስንት ዓመት፣ በምን ደረጃ እየቀነሰ እንደሚቀር አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። ለአሥር ዓመት አስቦ ገንዘቡን ያወጣ ሰው በአምስተኛው ዓመት ብቻውን ቀረ።

፬. ዴልሂ፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ

የዴልሂ ታሪክ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው። እዚያ ሥራውን ያስጀመረው የነዳጅ እጦት ሳይሆን የአየር መበከል ነው፤ ትእዛዙንም የሰጠው ሚኒስትር ሳይሆን ዳኛ ነው። ኤም. ሲ. መህታ የተባሉት ጠበቃ በ1985 ስለ ከተማይቱ አየር ለሕንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። የሕንድ ሕገ መንግሥት ለሰው ሁሉ የሕይወትን መብት ስለሚሰጥ፣ ሰውን የሚያሳምም አየር ይህን መብት ይነካል የሚል ነበር ክርክሩ። ነገሩ ለብዙ ዓመታት ከተጓተተ በኋላ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 28 ቀን 1998 ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሰጠ። በትእዛዙም መሠረት የከተማይቱ አውቶቡሶች በሙሉ እስከ ማርች 31 ቀን 2001 ድረስ ወደ ጋዝ እንዲለወጡ፣ ከ1990 በፊት የተሠሩ ታክሲዎችና እኛ ባጃጅ የምንላቸው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች በንጹሕ ነዳጅ በሚሠሩ አዳዲሶች እንዲተኩ፣ የጋዝ ማደያዎችም ከ9 ወደ 80 እንዲደርሱ ተወሰነ።

ትእዛዝ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መፈጸሙ ግን ሌላ ነው። ዴልሂ የራስዋ ጋዝ የላትም። ጋዙ የሚመጣው ከምዕራብ ሕንድ የባሕር ዳርቻ በረጅም ቧንቧ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የማዳበሪያና የኤሌክትሪክ ፋብሪካዎች ይጠብቁታል። ጋዙን በከተማይቱ ለማከፋፈል ኢንድራፕራስታ ጋዝ የተባለው ኩባንያ የተቋቋመው በዲሴምበር 1998፣ ማለትም ከትእዛዙ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የተለወጡት ተሽከርካሪዎች ማደያዎቹን ቀደሟቸው። የባለ ሦስት እግር ነጂዎች ነዳጅ ለመቅዳት ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ሌሊቱን ሙሉ፣ ተሰልፈው ያድሩ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ ተሽከርካሪውን በኪራይ ወይም በብድር የያዙ የዕለት ጉርስ ፈላጊዎች ስለ ነበሩ፣ በሰልፍ ላይ ያለፈው ሰዓት ከቤተሰባቸው እንጀራ ላይ የተቀነሰ ነበር።

ክርክሩም በረታ። አንዳንድ ባለሙያዎች መንግሥት ማዘዝ ያለበት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው እድፍ ልክ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ነው እንጂ ነዳጁን መምረጥ የለበትም፤ ድኝ የተቀነሰለት ናፍጣም ይበቃል አሉ። በዴልሂ የሚገኘው የሳይንስና የአካባቢ ጥናት ማዕከል ግን ናፍጣው በወረቀት ላይ ንጹሕ ቢሆን በማደያው ላይ እየተበረዘ ስለሚሸጥ፣ በቀላሉ ሊበረዝ የማይችለው ጋዝ ይሻላል ሲል ተከራከረ። ይህ ክርክር ለእኛ ተማሪዎች ትምህርት አለው። በጠራ ቤተ ሙከራ ውስጥ የመጀመሪያው ወገን ትክክል ሊሆን ይችላል። ዳር እስከ ዳር መቆጣጠር በማይቻልበት ከተማ ግን ሊጭበረበር የማይችል ነዳጅ ራሱ ተቆጣጣሪ ይሆናል።

ፍርድ ቤቱ ቀኑን ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ በኤፕሪል 5 ቀን 2002 ትዕግሥቱ አለቀ። በናፍጣ የሚሠራ ማናቸውም የከተማ አውቶቡስ በቀን 500 ሩፒ፣ ከሠላሳ ቀን በኋላም በቀን 1,000 ሩፒ እንዲቀጣ፣ በየወሩም 800 አውቶቡሶች ከሥራ እንዲወጡ አዘዘ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጋዙ ሲከፋፈል ከፋብሪካዎች ይልቅ ለከተማ መጓጓዣ ቅድሚያ እንዲሰጥ ወሰነ። ሦስተኛው ጉልቻ በቦታው የተቀመጠው ያን ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል። በ2002 መጨረሻ የዴልሂ የሕዝብ አውቶቡሶች በሙሉ በጋዝ የሚሠሩ ሆኑ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ታላቅ የአውቶቡስ ለውጥ በየትም ከተማ አልታየም።

ውጤቱን ስንመዝን ሁለቱንም ወገን መናገር ይገባል። ከአውቶቡሶቹ ኋላ የሚግተለተለው ጥቁር ጭስ ጠፋ፤ ይህም በመንገድ ዳር ለሚውለው ድሃ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የግል መኪናዎች ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ፤ መንግሥት የናፍጣን ዋጋ እስከ 2014 ድረስ በድጎማ ከቤንዚን በታች አድርጎ ይዞት ስለ ነበረም ብዙዎቹ የናፍጣ መኪና ይገዙ ነበር። የሰብል ቃጠሎ፣ የፋብሪካ ጭስና አቧራም ተጨመረበት። ስለዚህ ዴልሂ እስከ ዛሬ አየራቸው እጅግ ከተበከለ የዓለም ዋና ከተማዎች አንዷ ናት። በአንድ እጅ አውቶቡሱን ከናፍጣ እያላቀቁ በሌላው እጅ የግሉን መኪና ወደ ናፍጣ መጋበዝ፣ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

፭. ፓኪስታን፤ ከልክ በላይ የተሳካ ዕቅድ

በፓኪስታን የሆነው ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ይህች ሀገር በ1952 በባሉቺስታን ክፍለ ሀገር፣ ሱዊ በተባለ ስፍራ፣ ብዙ ጋዝ አግኝታ በቧንቧ ወደ ከተማዎችዋ አድርሳ ነበር። መንግሥት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለማደያ ባለቤቶች ፈቃድ በመስጠትና የጋዙን ዋጋ ከቤንዚን በጣም ዝቅ በማድረግ የግል ነጋዴዎችን ወደ ሥራው ጋበዘ። ነጋዴው ጎረፈ፤ ባለመኪናውም ተከተለ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ፓኪስታን ከ2 ሚሊዮን በላይ የጋዝ መኪናዎችና ከ3,000 በላይ ማደያዎች ስለ ነበሯት በዓለም ላይ ቀደምትነት ካላቸው ሀገሮች ተቆጠረች።

ይሁን እንጂ ማደያው ሲበዛ ጉድጓዱ አልበዛም። ያው ጋዝ ለቤት ማብሰያ፣ ለማዳበሪያ፣ ለኤሌክትሪክና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይፈለግ ነበር። የሀገሪቱ ምርት ለሁሉ አልበቃ ሲል መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የቀነሰው የመኪናውን ድርሻ ነው። ማደያዎች በሳምንት የተወሰኑ ቀናት እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በክረምት ወራት ቤት ለማሞቅ ብዙ ጋዝ ስለሚፈለግ በፑንጃብ ክፍለ ሀገር ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የሚከርሙበት ጊዜ መጣ። በመጨረሻም ከ2015 ጀምሮ ሀገሪቱ ፈሳሽ ጋዝ ከውጭ በመርከብ ማስገባት ግድ ሆነባት። የውጭ ነዳጅን ለመተው የተጀመረው ጉዞ ወደ ውጭ ነዳጅ መለሳት ማለት ነው። የታክሲ ባለቤቱ ግን ሲሊንደሩን ያስገጠመበትን ገንዘብ የሚመልስለት አላገኘም።

፮. ከሦስቱ የምንማረው

እነዚህን ሦስት ታሪኮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው፣ ኒው ዚላንድ ጋዝ ነበራት፤ የጎደላት የቃል ጽናት ነው። ፓኪስታን ማደያና መኪና ነበራት፤ የጎደላት የጋዝ ሒሳብ ነው። ዴልሂ በመጀመሪያ ሁለቱም ጎድለዋት ነበር፤ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ግን ከምርጫ ወደ ምርጫ የማይለዋወጥ በመሆኑ ጉድለቱን ቀስ በቀስ ሞላው። ሆኖም የጥድፊያውን ዋጋ በሰልፍ ቆሞ የከፈለው ከሁሉም አቅመ ደካማ የሆነው ነጂ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ከዚህም የተነሣ፣ አንድ መንግሥት የመኪናን ነዳጅ ለማስለወጥ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል እንላለን። መጀመሪያ፣ ነዳጁ የተለወጠው መኪና እስኪያረጅ ድረስ ይበቃል ወይ? በተቸገረም ጊዜ ማን ይቀድማል፣ ማንስ ይጠብቃል? ሁለተኛ፣ ማደያው ከመኪናው ቀድሞ ይቆማል ወይስ መኪናው ቆሞ ማደያውን ይጠብቃል? ሦስተኛ፣ ድጎማው መቼና በምን ደረጃ እንደሚያበቃ በጽሑፍ ታውቋል ወይ? መንግሥትስ ቃሉን ቢለውጥ ኪሳራው በማን ላይ ያርፋል?

ነገሩ ለሀገራችንም ሩቅ አይደለም። በኦጋዴን፣ ካሉብ በተባለው ስፍራ፣ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የማምረቻ ሥራ በኦክቶበር 2025 ተመርቋል። ይህ ጋዝ አንድ ቀን በመኪና ላይ ይዋል ቢባል ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ደግሞም ጥያቄዎቹ የጋዝ ብቻ አይደሉም። መንግሥት በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪናን ማበረታታት ስለ ጀመረ፣ በሲሊንደር ፈንታ ባትሪ፣ በኮምፕረሰር ፈንታ የኤሌክትሪክ መሙያ ብንተካ ነገሩ ያው ነው። እዚህም ኀይሉ፣ ማደያውና መኪናው እኩል ካልተራመዱ ተሰልፎ የሚያድረው ባለ ታክሲው ነው።

የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ስለ ሞተሩ፣ የኢኮኖሚ ተማሪዎች ስለ ዋጋው፣ የሕግ ተማሪዎችም ስለ ትእዛዙ ብዙ የሚመራመሩበት ጉዳይ አለ። በየትኛውም በኩል ብንጀምር ግን በምርምራችን መካከል ብድር ወስዶ መኪናውን ያስለወጠውን ሰው እንዳንረሳው ያስፈልጋል። የዕቅዱ ደግነት የሚለካው በተመረቀበት ቀን በተቆጠሩት መኪናዎች ብዛት ሳይሆን፣ ያ ሰው ዕዳውን ከፍሎ በሚጨርስበት ቀን ማደያው ክፍት ሆኖ በመገኘቱ ነው።